በጎልደን ጌት ማዶ ለጥንዶች፦ የትኛውን ብስክሌት መከራየት ይሻላል?

በሳን ፍራንሲስኮ ፊሸርማንስ ዋርፍ አካባቢ ያሉ አከራዮች ለጥንዶች ሦስት ምርጫ ያቀርባሉ፦ ተራ ብስክሌት፣ የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ለሁለት ሰው የተሠራው ታንደም። የጎልደን ጌት ድልድይን ተሻግረው፣ ከማዶ ያለውን ሃውክ ሂል የተባለ ኮረብታ ወጥተው፣ ከሶሳሊቶ ከተማ በጀልባ ለሚመለሱ ባልና ሚስት የምንመርጠው አንድ ተራና አንድ ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩን ዳገት የሚከብደው ይንዳው፤ ያኔ እኩል ይወጣሉ፣ ማንም ቆሞ አይጠብቅም።

ታንደም ከድልድዩ በፊት ባለው ክሪሲ ፊልድ በተባለው የባሕር ዳር ሜዳ ላይ ደስ ይላል። ዳገት ላይ ግን ማርሽ ሲቀየር ሁለቱም በአንድ ጊዜ ፔዳሉን ማላላት አለባቸው፤ አንዱ ከገፋ ካቴናው ይንቋቋል ወይም ይወልቃል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ የሁለት ሰው ክብደት በአንድ ብስክሌት ፍሬን ላይ ይወድቃል። ለዚህ መንገድ አንመክረውም።

ከሱቁ ሳትወጡ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ያዙ፤ እጀታው መሪውን ከነካ ሌላ ብስክሌት ጠይቁ። ኮርቻውን የምታስተካክሉት ተረከዛችሁን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ አሳርፋችሁ ነው፤ እግራችሁ ቀጥ ካለ ልኩ ያ ነው። ዝቅ ያለ ኮርቻ ዳገት ላይ ጉልበት ይጎዳል፤ ኪራይ ላይ ይህን ችላ አትበሉ። ባትሪው ሙሉ መሆኑን እዩ። በሜዳው የሞተሩን እገዛ ዝቅ አድርጉት፤ ባትሪው ካለቀ ያን ከባድ ብስክሌት በእግር ብቻ ዳገት ማውጣት በጣም ያደክማል።

ድልድዩ 2.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ የብስክሌት የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 15 ማይል፣ ማማዎቹ ጋ 10 ማይል ነው። ማማውን ስትዞሩ ከፊት የሚመጣው አይታይም፤ ከከለላው ስትወጡም ነፋሱ በድንገት ከጎን ይመታል። ሁለት እጃችሁ ከመሪው አይለይ፣ ጎን ለጎን አትንዱ።

ከማዶ በኮንዘልማን መንገድ ወደ ሃውክ ሂል 3 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት አለ። ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር አቅልሉት። ከላይ ድልድዩ፣ ከተማውና ውቅያኖሱ በአንድ ላይ ይታያሉ፤ ለዚህ ዕይታ ላቡ አይቆጭም። በአገሩ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ጭጋጉ ሊሸፍነው ይችላል፤ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችው ኦክላንድ ፀሐይ ቢሆንም የነፋስ ጃኬት ያዙ።

ከጫፉ ባሻገር ያለው ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ቁልቁለቱ እስከ 18 በመቶ ይደርሳል፤ በኪራይ ብስክሌት አትግቡበት። በመጣችሁበት ኮንዘልማን ከማክሎህ መንገድ ወደሚገናኝበት አደባባይ ተመልሳችሁ በማክሎህ ውረዱ። ፍሬን ሳይለቁ መውረድ ያግለዋል፣ ኃይሉንም ይቀንሰዋል፤ ሁለቱንም ፍሬኖች ያዝ ለቀቅ አድርጉ። ታች በስተቀኝ ያለው ዋሻ መኪና የሚያስተላልፈው በተራ ነው። መግቢያው ላይ የብስክሌት ቁልፍ አለ፤ ስትጫኑት ውስጥ ብስክሌት መኖሩን ለሾፌሮች የሚያሳውቅ መብራት ብልጭ ይላል። የራሳችሁንም መብራት አብሩ።

ሶሳሊቶ ላይ ምሳ ከመብላታችሁ በፊት የጀልባውን ሰዓት እዩ። የብስክሌት ቦታ ለቀደመ ነው፤ ፀሐያማ ቅዳሜና እሁድ ሲሞላ የቀረው ቀጣዩን ይጠብቃል። የአካባቢው የትራንስፖርት መክፈያ በሆነው ክሊፐር ካርድ መክፈል ከመደበኛው ቲኬት ይረክሳል። የጎልደን ጌት ፌሪ ጀልባ የሚያወርዳችሁ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ፌሪ ቢልዲንግ በተባለው የጀልባ ጣቢያ ነው፤ ፊሸርማንስ ዋርፍ ወዳለው ሱቅ ገና 3 ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳ ይቀራል። ስለዚህ መዝጊያ ሰዓቱንና የማርፈጃ ክፍያውን ጠዋት ስትከራዩ ጠይቁ።