የቤዝመንታችንን የኪራይ ታክስ ላስተካከሉልን የሒሳብ ባለሙያ ምስጋና

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታችን ሥር ያለውንና የራሱ መግቢያ፣ ኩሽናና መታጠቢያ ያለውን ቤዝመንት በኤርቢኤንቢ (ቤት በኢንተርኔት በሚያከራየው ድርጅት) በኩል ለአጭር ጊዜ እንግዶች ማከራየት ከጀመርን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ታክስ የሠራልን ሰው ገቢውን የግል ንግድ ገቢ በሚሞላበት ቅጽ፣ በስኬጁል ሲ አስገብቶት ስለነበር፣ ከመደበኛው ግብር ሌላ በግል ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች የሚከፍሉትን 15.3 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) ታክስ ከፍለናል።

ዘንድሮ ወዳጆች የጠቆሙን ኢትዮጵያዊት የሒሳብ ባለሙያ ግን ወረቀታችንን ሳይገልጡ ገና ለእንግዶች ቁርስ እናቀርብ፣ በቆይታቸውም መካከል ክፍሉን እናጸዳ እንደሆነ ጠየቁን። የምናጸዳውም ሆነ አንሶላ የምንቀይረው እንግዳው ከወጣ በኋላ ብቻ መሆኑን ስንነግራቸው፣ የሆቴል ዓይነት አገልግሎት የሌለበት እንዲህ ያለ ኪራይ ቦታው የቤት ኪራይ ገቢ የሚሞላበት ስኬጁል ኢ መሆኑን አስረድተው፣ ያለፈውን ዓመት የቀረበ ታክስ በሚታረምበት ቅጽ፣ በፎርም 1040 ኤክስ አረሙልን።

በኤርቢኤንቢ በኩል የተከፈለንን የሚገልጸው 1099 ኬ የተባለው ቅጽ ባንክ ከገባልን ገንዘብ በልጦ ስናየው ስሕተት መስሎን ነበር፤ ለካ የሚያሳየው የኤርቢኤንቢ የአገልግሎት ክፍያ ሳይቀነስ ያለውን ጠቅላላ ድምር ነው። እርሳቸውም ድምሩን እንዳለ መዝግበው ክፍያውን በወጪነት ቀነሱት።

ከሁሉም ያስገረመኝ የእህቴ ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ መጥታ ሦስት ሳምንት ያለ ኪራይ ቤዝመንቱ ውስጥ ማረፏን ለጨዋታ ያህል ባነሳው፣ ብዕራቸውን አስቀምጠው ቀኖቹን አስቆጠሩኝ። የቤተሰብ ቆይታ እንደ ግል መጠቀሚያ ይቆጠራል፤ 21 ቀን ደግሞ ከ14 ቀንም፣ ካከራየንባቸው 160 ቀናት አንድ አሥረኛም ስለሚበልጥ፣ የመብራቱና የኢንሹራንሱ ወጪ በቀናት ተከፋፍሎ፣ የምንቀንሰው ወጪ ከኪራይ ገቢያችን እንዳያልፍ ተደረገ፤ ሳይቀነስ የተረፈው ወጪም ወደሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። ከታክስ የሚመለስልን ገንዘብ በዚህ ቢያንስም፣ እኛ ልንጠይቅ የማናውቀውን ጠይቀው በኋላ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከሚመጣ ደብዳቤ ስላዳኑን እግዜር ይስጥልን እላለሁ።

እንከን ይውጣላቸው ከተባለ፣ ኤፕሪል 15 ሲቃረብ ስልክ ቶሎ አያነሡም፤ ደረሰኝ ያልያዘ ሰውንም ይቆጣሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልወደዱ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ስትሄዱ ግን እንግዳ ያደረበትንና ዘመድ ያደረበትን ቀን ለይታችሁ ጽፋችሁ ያዙ።