ሜታ ኩዌስት 3 ለተማሪ አብራሪ፦ ደብረ ብርሃን ሆኖ ለመለማመድ ያዋጣል?

ለእረፍት ደብረ ብርሃን የሚገባ ተማሪ እጁ እንዳይፈታ ከፈለገ፣ ይህ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ከኤክስ-ፕሌን 12 (የኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ) ጋር ያዋጣዋል። ግን ፔዳልና ዮክ (የአውሮፕላን መሪ) ከሌለ መጀመሪያ የሚገዛው እነሱን ነው፤ እግር ያልለመደውን መነጽር አያስተምርም።

ዋናው ጥቅሙ አንገት ማዞር ማስቻሉ ነው። በተራ ስክሪን ሰርኪውት (ማኮብኮቢያውን የሚዞረውን የበረራ መስመር) ሲበሩ ማኮብኮቢያው ከዓይን ይሰወራል። በመነጽሩ ግን ዳውንዊንድ (ከማኮብኮቢያው ትይዩ የሚበረው ክፍል) ላይ በትከሻዎ አሻግረው ያያሉ፤ የማኮብኮቢያው መነሻ 45 ዲግሪ ወደ ኋላ ሲቀር ወደ ቤዝ (ከፋይናል በፊት ያለው አቋራጭ ክፍል) ይዞራሉ። ሲያርፉም ጥልቀት ስለሚታይ ከፍታ መገመት ይቀላል፤ እይታዎ አፍንጫው ስር ሳይሆን የማኮብኮቢያው ሩቅ ጫፍ ላይ ይሁን።

ልምምዱን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይጀምሩ፤ ከፍታው 7,600 ጫማ ገደማ ነው። በሴስና 172 አውሮፕላን ፋይናል (ለማረፍ ቀጥታ የሚበረው የመጨረሻ ክፍል) ላይ የፍጥነት ጌጁ 65 ኖት ሲያሳይ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ እውነተኛው የአየር ፍጥነት 73 ይጠጋል፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይጨምራል። ታዲያ ነፋስ ከሌለ መሬቱ ፈጥኖ ሲመጣ ተማሪው ይደናገጥና አፍንጫ ያነሳል፣ ፍጥነቱም ይወድቃል። ዓይን ጌጁን እንዲያምን የሚለመደው እዚህ ነው። ሲነሱም ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድብልቁን) በልክ ካላሳሱት ሞተሩ ጉልበት ያጣል።

ድክመቱም ቀላል አይደለም። የጂ1000 (የዲጂታል ስክሪን መሣሪያ) ትንንሽ ፊደላት ስለሚደበዝዙ ባለ ክብ ጌጁን ሴስና ይምረጡ። ጭን ላይ ያለ ቼክሊስት አይታይም፤ የመነጽሩን ጎን ሁለቴ መታ መታ ሲያደርጉ ግን ክፍሉ ይገለጣል። የስቶል (ክንፉ ማንሳት ሲያቅተው የሚመጣው) መንቀጥቀጥ ወንበርዎ ላይ አይሰማም። ሰዓቱም ሎግቡክ (የበረራ ሰዓት መዝገብ) ውስጥ አይገባም። የአውሮፓው የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ በ2021 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ያጸደቀው የቨርቹዋል ሪያሊቲ ማሰልጠኛ ለሮቢንሰን አር22 ሄሊኮፕተር የተሠራ ተንቀሳቃሽ መድረክ ያለው ነው፤ የሳሎን መነጽር ሌላ ነገር ነው።

ማቅለሽለሽ የሚመጣው ዓይን እንቅስቃሴ አይቶ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ስለማይሰማው ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከ15 ደቂቃ አይለፉ፤ ከጀመረዎት ወዲያው ያውልቁ፣ በግድ አይቀጥሉ። ምስሉ ከተቆራረጠ የደመናና የጥላ ጥራት ይቀንሱ።

ባትሪው ሁለት ሰዓት ገደማ ይቆያል፤ መብራት ከሄደ ግን ኮምፒውተሩ አብሮ ይሄዳልና ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) ያስፈልጋል። በደብረ ብርሃን ብርድ ሌንሱ ጉም ይይዛል፤ በጋቢ ጫፍ ሳይሆን በሌንስ ጨርቅ ይጥረጉ። መስኮት ዳር አያስቀምጡት፤ በሌንሱ የገባ ፀሐይ ስክሪኑን ያቃጥላል።