አምበር፣ ጃይጋር ወይስ ናሃርጋር? በጃይፑር ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

እናቴን ለሕክምና ኒው ዴልሂ ወስጃት ነበር። ምርመራው አልቆ ውጤቱ እስኪደርስ ሁለት ቀን ባዶ ሆነብን። ሆቴል ቁጭ ከማለት ብለን ጃይፑር ሄድን። በባቡር አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሳናቅድ ስለሄድን ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን በከንቱ አባከንነው። ለሕክምናም ሆነ ለትምህርት ሕንድ የሚሄድ ሐበሻ ብዙ ነው። እናንተም ሁለት ነጻ ቀን ስታገኙ እንዳታባክኑት ብዬ ነው የምጽፈው።

ጃይፑርን ለሁለት ከፍላችሁ አስቡት። ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ሦስት ምሽጎች አሉ፤ አምበር፣ ጃይጋርና ናሃርጋር። ታች በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ ውስጥ ደግሞ ቤተ መንግሥቶቹ አሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን እናዳርስ ካላችሁ አንዱንም በቅጡ አታዩትም። መምረጥ ግድ ነው።

ከምሽጎቹ የትኛው?

አንዱን ብቻ ምረጥ ከተባልኩ አምበርን እመርጣለሁ። አላመነታም። ከከተማው 11 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1592 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ያስጀመረው ራጃ ማን ሲንግ፣ ያኔ ሰሜን ሕንድን ይገዛ የነበረው የሞጉል መንግሥት ንጉሥ የአክባር የጦር አዛዥ ነበር። ከውጭ ሲያዩት ምሽግ ነው። ከገቡ በኋላ ግን ቤተ መንግሥት ነው። አንዱ ከአንዱ ከፍ እያለ የሚሄድ አራት ግቢ አለው። የመጀመሪያው ወታደር የሚሰለፍበት ነው። ሁለተኛው ላይ ንጉሡ ሕዝቡን ይሰማል። ሦስተኛው የራሱ መኖሪያ ነው፣ አራተኛው የሴቶቹ።

ሦስተኛው ግቢ ላይ ሺሽ ማሃል የሚሉት የመስታወት አዳራሽ አለ። ግድግዳውና ጣሪያው በጥቃቅን መስታወት ተለብጧል። ድሮ ሌሊት አንድ ሻማ ሲበራ ጣሪያው ሁሉ ኮከብ የወጣበት ሰማይ ይመስል ነበር ይላሉ። ይህን አዳራሽ ያሠራው ቀዳማዊ ጃይ ሲንግ ነው። የነገሠው ከ1621 እስከ 1667 ነው። አጼ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ እሱ እዚህ ዙፋን ላይ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ ቦታው ይበልጥ ቀረበኝ። እናቴ ደግሞ ግንቡን ዳሰስ አድርጋ «ይሄስ የፋሲል ዘመድ ነው» አለች።

አምበር አንድ ችግር አለው፤ ሰው ይበዛበታል። የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ልክ ሲከፈት ድረሱ። ከ4 ሰዓት በኋላ የአስጎብኚ ቡድኖች ይሞሉታል፣ ፀሐዩም ይበረታል። ወደ ላይ በእግር፣ በጂፕ ወይም በዝሆን መውጣት ይቻላል። ዝሆኑን ተዉት። ቀኑን ሙሉ ሰው ተሸክሞ ዳገት የሚመላለስ እንስሳ ማየት ልብ ይሰብራል። ስለ አያያዛቸውም ለዓመታት አቤቱታ ሲቀርብ ቆይቷል። እግሩ ደህና የሆነ በእግሩ ይውጣ፣ ጉልበቱን የሚያመው በጂፕ።

ሁለተኛ ምሽግ ለመጨመር ጊዜ ካላችሁ ክርክሩ በጃይጋርና በናሃርጋር መካከል ነው። ሁለቱንም ያሠራው ጃይፑርን የቆረቆረው ዳግማዊ ሳዋይ ጃይ ሲንግ ነው። ጠባያቸው ግን አይገናኝም።

ጃይጋር የወታደር ቦታ ነው። ከአምበር በላይ ተራራው ላይ የተቀመጠው እሱን ለመጠበቅ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ የምድር ውስጥ መተላለፊያም አለ። ጌጥ የለውም። ያለው ወፍራም ግንብ፣ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙ ትልልቅ ገንዳዎች፣ የመድፍ ማቅለጫና አንድ ጉድ የሚያሰኝ መድፍ ነው። መድፉ ጃይቫና ይባላል። በ1720 እዚያው ተሠራ። ክብደቱ 50 ቶን ያህል ነው። የቴዎድሮስ ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ነው ይባላል፤ ከዚያ ገምቱት። ለሙከራ አንድ ጊዜ ተተኮሰ እንጂ ጦርነት ላይ አልዋለም። ታሪክና የጦር መሣሪያ የሚወድ ሰው ጃይጋርን አይለፈው። ልጆችም መድፉን ይወዱታል። ሌላው ሰው ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይሰለቸዋል። እናቴ ጥላ ፈልጋ ተቀመጠች።

ናሃርጋር የተሠራው በ1734 ነው። ሰው የሚወጣው በዋናነት ለእይታው ነው። ከተማው በሙሉ ከእግራችሁ ሥር ይዘረጋል። ከምሽጉ ውስጥ ደግሞ ኋላ የተጨመረ ቤተ መንግሥት አለ። ዘጠኝ ንግሥቶች፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት መኖሪያ ክፍሎች፣ ሁሉንም የሚያገናኝ ኮሪደር። ንጉሡ ወደ አንዷ ሲሄድ ሌሎቹ እንዳያውቁ ታስቦ ነው ይባላል። ግድግዳው ላይ ያለው የአበባ ሥዕል ደስ ይላል። ቤተ መንግሥቱን ቀደም ብላችሁ ጎብኙና ለጀንበር መጥለቂያው ግንቡ ላይ ተገኙ። ያን ሰዓት ከተማው ወርቅ ይቀባል። ቀስ በቀስ መብራቱ ይበራል፣ የመስጊዱና የቤተ መቅደሱ ድምፅ ወደ ላይ ይመጣል። እኔ ከሁለቱ ናሃርጋርን እመርጣለሁ።

ከተማ ውስጥስ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል። ሁሉም የሚሮጠው ወደ ሃዋ ማሃል ነው፣ የነፋስ ቤተ መንግሥት ወደሚሉት። 953 ትንንሽ መስኮቶች አሉት። በ1799 የተሠራው የቤተ መንግሥት ሴቶች ሳይታዩ መንገዱን እንዲያዩ ነው። ፊቱ እጅግ ያምራል። ግን ውበቱ ፊቱ ላይ ነው፤ ከኋላው ያለው ሕንፃ ጠባብ ነው። ከመንገዱ ማዶ ቆማችሁ በጠዋት ፀሐይ ብታዩት ዋናውን አይታችኋል፣ ያውም በነጻ። ግቡ ካላችሁ መግቢያው በጀርባ በኩል ነው። ለእናቴ የጠቀማት አንድ ነገር አለ፤ ወደ ላይኞቹ ፎቆች የሚወጣው በደረጃ ሳይሆን በተዳፋት ነው።

ሲቲ ፓላስ፣ ማለትም የከተማው ቤተ መንግሥት፣ ዋጋው ከሌሎቹ ጠንከር ይላል። የንጉሣዊው ቤተሰብ ዛሬም ከፊሉ ውስጥ ይኖራል። የድሮ ልብስ፣ ሻምላ፣ በአራቱ ወቅቶች የተሰየሙ ያጌጡ በሮች አሉ። እኔን ያስደነቁኝ ሁለት የብር ጋኖች ናቸው። እያንዳንዳቸው ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። የጃይፑሩ ንጉሥ ዳግማዊ ማዶ ሲንግ በ1902 ለእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ዘውድ ጭነት ለንደን ሲሄድ ሂንዱዎች ቅዱስ የሚሉትን የጋንጀስ ወንዝ ውሃ የወሰደባቸው ናቸው። የሌላ አገር ውሃ አልጠጣም ብሎ። ጾምና ንጽሕናን ለሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል። የቤተሰቡን ክፍሎች የሚያስጎበኝ ልዩ ቲኬትም ይሸጣሉ። ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አያስፈልጋችሁም።

አጠገቡ ያለው ጃንታር ማንታር ግን በቂ ክብር ያልተሰጠው ቦታ ነው። በድንጋይ የተሠራ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ነው። 19 መሣሪያዎች አሉት። ትልቁ የፀሐይ ሰዓት 27 ሜትር ይረዝማል፣ ሰዓቱንም እስከ 2 ሴኮንድ ድረስ ይለያል። ጥላው በአንድ ሴኮንድ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሲሄድ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ሁለት ነገር ግን ያስፈልጋል። አንደኛ ፀሐይ፤ ደመና ካለ መሣሪያዎቹ አይሠሩም። ሁለተኛ አስጎብኚ፤ የሚያስረዳ ከሌለ የድንጋይ ክምር ነው የሚሆንባችሁ። በጃይፑር ለአስጎብኚ አንድ ቦታ ላይ ብቻ መክፈል ካለብኝ እዚህ ነው የምከፍለው።

ጃል ማሃል ሐይቅ መሃል ያለው ነው። አይገባበትም። ወደ አምበር ስትሄዱ መንገድ ላይ አሥር ደቂቃ ቆማችሁ እዩት፣ በቃ። አልበርት ሆል ሙዚየም ደግሞ ማታ መብራት ሲበራለት ከውጭ ያምራል።

ቲኬቱ

ለውጭ ዜጋ ዋጋው ለሕንዳዊ ከሚጠየቀው በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ጥምር የሚሉትን ቲኬት ጠይቁ። አምበርን፣ ናሃርጋርን፣ ሃዋ ማሃልን፣ ጃንታር ማንታርንና አልበርት ሆልን ያካትታል። ለሁለት ተከታታይ ቀን ይሠራል። ሲቲ ፓላስና ጃይጋር የመንግሥት ስላልሆኑ ለየብቻ ይከፈልባቸዋል። ሁለት ቀን ካላችሁ ጥምሩ ያዋጣል። አንድ ቀን ብቻ ከሆነና አምበርን አይታችሁ የምትመለሱ ከሆነ ነጠላውን ቁረጡ። ሕንድ የምትማሩ ልጆች መታወቂያችሁን አትርሱ፣ ለውጭ ተማሪ ቅናሽ አለ።

አንድ ቀን ላለው እንዲህ እላለሁ። ጠዋት አምበር፣ እኩለ ቀን ላይ ጃንታር ማንታር፣ ወደ ማታ ናሃርጋር። ሁለተኛ ቀን ያለው ሲቲ ፓላስን ይጨምር፣ ሃዋ ማሃልን ከውጭ ይይ። ከጥቅምት እስከ የካቲት አየሩ ጥሩ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በሽተኛ ይዛችሁ አትሂዱ።

መጓጓዣውን በተመለከተ፣ እኛ ባጃጅ የምንለውን እነሱ ኦቶ ነው የሚሉት። ባጃጅ የሕንዱ አምራች ስም ነው። ለቀኑ ስትይዙ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የምትሄዱበትን ቦታ በሙሉ ዘርዝራችሁ ተስማሙ፣ «ሱቅ አንሄድም» ብላችሁም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ያ የባከነብን ግማሽ ቀን የሄደው እንዲህ ነው። ሹፌራችን «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ የከበረ ድንጋይ ሱቅ ወሰደን። ከዚያ ምንጣፍ ቤት። አምበር ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር፣ ሰልፉም እስከ ውጭ ደርሷል። በማግስቱ ጠዋት ደግመን ሄድን፣ እናቴ ግንቡን የዳሰሰችውም ያኔ ነው።