ክላራ ወይስ ዊስልጃኬት?

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከተሳሉት እንስሳት ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። አንዷ የፈረንሳዊው ሠዓሊ ዣን ባፕቲስት ኡድሪ አውራሪስ ክላራ ናት፤ ሌላው የእንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆርጅ ስታብስ ፈረስ ዊስልጃኬት። ሁለቱም በተፈጥሮ ቁመናቸው ልክ የተሳሉ ናቸው።

ክላራ ከህንድ በመርከብ መጥታ አውሮፓን እየዞረች በክፍያ ትታይ ነበር። ኡድሪ በ1749 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ አገኛት። እስከዚያ ድረስ ብዙው አውሮፓዊ አውራሪስን የሚያውቀው ጀርመናዊው ሠዓሊ ዱረር በ1515 እንስሳውን ሳያይ ከሠራው ሥዕል ነው። ያ አውራሪስ ጥሩር የለበሰ ይመስላል፤ ጀርባው ላይም ትርፍ ቀንድ አለው። ኡድሪ ግን ያየውን ቆዳ ሳለ፤ እጥፋቱም ክብደቱም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለ እንስሳው ለማወቅ ከሆነ ክላራን የሚያህል የለም።

ስታብስ የሄደበት መንገድ ይከብዳል። ሆርክስቶው በምትባል የገጠር መንደር የሞቱ ፈረሶችን አንጠልጥሎ፣ ቆዳቸውን ገፎ፣ ጡንቻቸውን አንድ በአንድ እየለየ ለ18 ወራት ያህል አጠና። ዊስልጃኬትን በ1762 አካባቢ ሲስል ዛፍም ሰማይም አልጨመረም። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆሟል፤ ከሰኮናው ሥር ትንሽ ጥላ ብቻ አለች። የደረቱ ጡንቻና የአንገቱ ደም ሥር ግን ሕያው ነው። ምረጥ ካላችሁኝ ያለ ማመንታት ስታብስን ነው። ኡድሪ አውራሪስ ምን እንደሚመስል አሳየን፤ ስታብስ ግን ይህ ፈረስ ማን እንደሆነ።

ክላራ ያለችው ጀርመን፣ ሽቬሪን ሙዚየም ነው። ዊስልጃኬት ለንደን ናሽናል ጋለሪ አለ፤ መግቢያው በነፃ ነው።