ሲቪ ለምታዘጋጀው የቱሉ ዲምቱ እህታችን፦ ምስጋናና ጥቆማ

ታናሽ ወንድሜ ሥራ እንዲያገኝ የደከመችለትን ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግናት፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ በኮየ ፈጬና በገላን አካባቢ ላላችሁ ሥራ ፈላጊዎችም ልጠቁማችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከሕንፃዎቹ ሥር ካሉት የንግድ ቤቶች በአንዱ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ትሠራለች። ከዚያ በፊት በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ የአመልካቾችን ማስረጃ ስትመረምር የኖረች ናት። ስሜ ባይጻፍ ስላለች አልጽፈውም።

ወንድሜ በኤሌክትሮ መካኒካል ጥገና የደረጃ 4 የብቃት ምዘና ያለፈ፣ በውኃ ማሸጊያ ፋብሪካ ለዓመታት የሠራ ልጅ ነው። ሌላ ቦታ አስጽፎት የነበረው ሲቪ ግን የማንም ሊሆን የሚችል ነበር። ታታሪ፣ ከሰው ጋር ተግባቢ፣ ጫና የሚቋቋም ይላል። የጋብቻ ሁኔታው፣ ሃይማኖቱ፣ ፊልም ማየት መውደዱ ሁሉ ተዘርዝሯል። የሠራው ሥራ የተገለጸው «የጥገና ሠራተኛ» በሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ነው።

እህታችን ኮምፒውተሯን ሳትነካ በመጀመሪያ የሥራ ማስታወቂያውን አምጣ አለችው። ማስታወቂያው ላይ የተጠየቁትን ችሎታዎች በእስክሪብቶ እያሰመረች ጠየቀችው። «የማምረቻ መስመሩ ድንገት ሲቆም መጀመሪያ የምትከፍተው ምኑን ነው?» ወንድሜ ዝምተኛ ነው፤ ስለ ማሽን ሲጠየቅ ግን አፉ ተፈታ። ስለ ሴንሰሩ፣ ኤሌክትሪኩን ስለሚያገናኘውና ስለሚያቋርጠው ኮንታክተር፣ የሞተሩን ፍጥነት ስለሚቆጣጠረው ኢንቨርተር፣ ማሽኑን በፕሮግራም ስለሚያዘው ሲመንስ ፒኤልሲ አወራ። እሷም የመሣሪያዎቹን ስምና ሞዴል አንድ በአንድ ጻፈች። በሰዓት 12,000 ጠርሙስ የሚሞላውን መስመር በፈረቃው ብቻውን ይጠብቅ እንደነበር እኔ ራሴ የሰማሁት ያን ቀን ነው። «የጥገና ሠራተኛ» የነበረው ቦታ ምን ዓይነት ማሽን እንደጠገነ፣ ብልሽቱን እንዴት እንዳገኘና ምን እንደለወጠ በሚናገሩ አጫጭር መስመሮች ተተካ።

ይበልጥ ያከበርኳት ግን ስለ ብልሽት መቀነስ ሲነሳ ነው። «በግማሽ ቀንሷል ብለን እንጻፈው?» አልኳት። «የለካችሁት ከሆነ እንጽፋለን፤ ካልለካችሁት አንጽፍም። ጠያቂው መሐንዲስ ነው፤ በምን ለካኸው ይለዋል» አለችኝ። ምን እንደቀየረና መስመሩ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሠራ ብቻ ጻፈች።

ዓመተ ምሕረቱን ያየችውም እሷ ናት። ወንድሜ የተመረቀው በሐምሌ 2011 ነው፤ በጥቅምት 2012 ሥራ ጀመረ። የቀድሞው ሲቪ ምረቃውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2011፣ ሥራ የጀመረበትን ደግሞ ከልምድ ደብዳቤው ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር 2019 ብሎ አስፍሮት ነበር። ለማያውቅ ሰው ልጁ 8 ዓመት ሙሉ ሥራ ፈት ሆኖ የተቀመጠ ይመስላል! በሦስት ወር ውስጥ ሥራ የያዘ ልጅ! ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር አመጣችው፤ የስሙን የእንግሊዝኛ አጻጻፍም ከዲፕሎማውና ከምዘና ሰርተፊኬቱ ጋር አስተካከለችው።

ሠንጠረዥና ጌጥ አትወድም። ሲቪው አንድ ወጥ ሆኖ ከቅርቡ ሥራ ይጀምራል፤ ከሁለት ገጽ አያልፍም። ፒዲኤፉን ከጨረሰች በኋላ ጽሑፉን በሙሉ ገልብጣ ባዶ ፋይል ላይ ለጠፈችውና ቅደም ተከተሉ እንዳልተዛባ አየች። አንዳንድ ድርጅቶች ማመልከቻ የሚያጣሩት በኮምፒውተር ስለሆነ፣ በሁለት ዓምድ የተከፈለ ገጽ እየተደበላለቀ ሊነበብ ይችላል ብላ አስረዳችን።

ወንድሜ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ለተግባር ፈተና ተጠራ። የጠየቁት ሲቪው ላይ የሰፈረውን ነው፤ የሠራው ሥራ ስለሆነም ሳይደናገር መለሰ። አሁን እዚያው በጥገና ክፍል ተቀጥሮ ይሠራል። እናታችን ያቺን ልጅ መርቃ አልጠገበችም፤ እኔም እግዚአብሔር ይስጥልን እላለሁ።

ወደ እሷ ለምትሄዱ፦ የሥራ ማስታወቂያውን፣ የልምድ ደብዳቤያችሁንና የምዘና ሰርተፊኬታችሁን ያዙ። የሠራችሁባቸውን ማሽኖች ስምና ሞዴል አስቀድማችሁ በወረቀት ብትጽፉ ጊዜ ይቆጥባል። ዋጋዋን ከመጀመሪያው ትናገራለች፤ ለሌላ ማስታወቂያ ማስተካከል ስትፈልጉም እንደ አዲስ አታስከፍልም። ቅዳሜ ወረፋው ረጅም ስለሆነ በሥራ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል።