ስምንት ወር ከፊግማ ጋር፦ የእቁብ ዕጣ እና የአንድ ፊደል ጣጣ

ፊግማን፣ የመተግበሪያ ዲዛይን መሥሪያውን፣ ስክሪን ለመሳል ድሮም እጠቀምበት ነበር። ፕሮቶታይፕ (ሲነኩት እንደ እውነተኛ መተግበሪያ የሚንቀሳቀስ ናሙና) የሚለውን ታብ ግን የምነካው ለደንበኛ ላሳይ ስል፣ አንዱን ስክሪን ከሌላው በቀስት ለማያያዝ ብቻ ነበር። ከጥቅምት ወዲህ የእቁብ መተግበሪያ ይዤ ውሎዬ እዛው ታብ ላይ ሆኗል።

ብዙ የደከምኩበትም፣ በጣም የወደድኩትም ስማርት አኒሜትን ነው። ሁለት ፍሬም፣ ማለትም ሁለት የስክሪን ሥዕል ትሠራላችሁ፣ አንዱ ላይ ነገሩ ከላይ ነው፣ ሌላው ላይ ከታች፣ መሃል ያለውን እንቅስቃሴ እሱ ይሞላዋል። ግን አንድ ነገር መሆናቸውን የሚያውቀው በሌየሩ፣ ማለትም ፍሬሙ ላይ ባለው በእያንዳንዱ ቁራጭ ስም ነው። ጉዴ የፈላው እዚህ ላይ ነው። የተጠቀለለው የዕጣ ወረቀት ወርዶ እንዲዘረጋ ፈልጌ፣ በተጫንኩት ቁጥር አንዱ ይደበዝዝና ሌላው ብቅ ይላል እንጂ የሚወርድ ነገር የለም። ኔቱን ጠረጠርኩ፣ ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ፣ በቃ ከዜሮ ልጀምረው ስል ነው ዓይኔ የገባው፦ አንዱ ፍሬም ላይ «ዕጣ» ብዬዋለሁ፣ ሌላው ላይ «እጣ»። ለእኔ አንድ ናቸው፣ ለእሱ ግን አይተዋወቁም። ሁለት ሰዓቴ እንደዚህ ሄደ። አሁን ፍሬሙን ኮፒ አድርጌ ነው የምቀጥለው፣ ስም በእጄ አልጽፍም።

ፍጥነቱ ላይም አብጄ ነበር። በመጀመሪያው ወር ሁሉም ነገር ይዘላል፣ ይንሸራተታል፣ 800 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ለአንድ ቀን ያምራል፣ በሳምንቱ ራሴን አሰለቸኝ። አሁን አብዛኛው ከ200 እስከ 300 ነው። ዕጣው ብቻ 3 ሰከንድ ይቆያል፣ እሱ ልብ ማንጠልጠል አለበትና።

ለአማርኛው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ነው የምጠቀመው፣ ፊግማ ውስጥ ስላለ መጫን አያስፈልግም። የመስመሩን ቁመት ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ አለዚያ ፊደሎቹ ይተፋፈጋሉ።

ሥራውን በደንብ የፈተኑልኝ ግን የሰፈራችን እቁብ ዳኛ ናቸው። ቡና ላይ ስልኬን ሰጠኋቸው፣ የፊግማ መተግበሪያ ላይ ፕሮቶታይፑ ተከፍቶ። ዕጣውን ነኩ፣ ወረቀቱ ወረደ፣ ተዘረጋ፣ ስም ወጣ፣ ደስ አላቸው። ደገሙት። ያው ስም! ስልኩን ዝቅ አድርገው አዩኝ፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው እንዴ?» ፕሮቶታይፕ በተያያዘበት መንገድ ብቻ እንደሚሄድ እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸው ከየት ይወቁት? እቁብ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ቀልድ አይደለም። የዚያኑ ማታ በሦስት የተለያየ ስም የሚያልቁ ሦስት መንገዶች ሠራሁ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ መነሻ ሰጥቼ። ዴቨሎፐሩንም ዕጣው ከመውጣቱ በፊት የሁሉም አባላት ስም ስክሪኑ ላይ ይታይ አልኩት። በወረቀት ላይ ባስረዳው ኖሮ ይከራከረኝ ነበር፣ እሳቸው ሲሞክሩት የቀረጽኳትን ቪዲዮ ሳሳየው ግን ዝም አለ።

ተጠቃሚዎቹ የብር መጠን እንዲጽፉ ስፈልግ ግን ሌላ ቦታ ሄድኩ። በእኔ ፕሮቶታይፕ ላይ ሳጥኑም ኪቦርዱም ስዕል ነው። እውነተኛ ጽሑፍ የሚቀበል ነገር ሲያስፈልገኝ ዲዛይኑን ፕሮቶፓይ ወደሚባለው ሌላ የፕሮቶታይፕ መሥሪያ አስገባዋለሁ፤ እሱ ስልክ ሲዘነበልም ያውቃል። ለእንደኔ ዓይነቱ ሥራ ግን በወር አንዴ ብከፍተው ነው።

ፊግማን የጀመርኩት በነፃው ነው፣ ለመማር ይበቃል። «እንዲህ ከሆነ እንዲህ ሂድ» የሚለውን በ2023 የመጣውን አሠራር ስፈልግ ወደ ክፍያው ገባሁ፣ አሜሪካ ያለች ያክስቴ ልጅ በካርዷ እየከፈለችልኝ። ውለታዋ አለብኝ።

ባለፈው ሳምንት ዳኛዋ «ክፈል» የሚለውን ተጫኑ፣ አረንጓዴ ምልክቱ ተሽከርክሮ ቆመ። ትንሽ አዩትና፣ «ብሩ ከየትኛው አካውንቴ ነው የወጣው?» አሉኝ። ምንም እንዳልወጣ ለማሳመን ባንካቸው ድረስ ደውለን ቀሪ ሂሳባቸውን ጠየቅን።