ደሴ ውስጥ ጊታር መማር ለምትፈልጉ፤ ለመምህሬም ምስጋና

ጋሼ ይህን ሲያነብ እንደሚያፍር አውቃለሁ። ቢሆንም እጽፈዋለሁ።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ቤቱ ውስጥ ጊታር የሚያስተምር ሰው ነው። እሱ ጋ መማር ከጀመርኩ ስምንት ወሬ። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ከፍዬ ተምሬ ነበር። እዚያ ትምህርቱ "እኔ የያዝኩትን አይተሽ ያዢ" ብቻ ነበር። ሦስት ዘፈን ሸመደድኩ። ሁለት ሳምንት ጊታሩን ሳልነካ ስቀር ሦስቱም ከጣቴ ጠፉ። የተጻፈ ነገር የለኝ፣ ምኑን አይቼ ልመለስ?

ጋሼ በመጀመሪያው ቀን ዘፈን አላስያዘኝም። ወረቀት ላይ ስድስት መስመር አሰመረና "ይሄ ታብ ነው፤ ስድስቱ መስመር ስድስቱ ክር ነው" አለኝ። ቁጥሩ የምንጫነውን ፍሬት፣ ማለትም በጊታሩ አንገት ላይ በብረቶች የተከፈለውን ክፍል፣ ይነግረናል። ዜሮ ከሆነ ክሩን ሳንጫን እንመታዋለን። ከላይ ያለው መስመር ቀጭኑ ክር ነው፤ ጊታሩን ስንይዘው ግን ቀጭኑ ወደ መሬት ነው ያለው። እኔ ሳምንት ሙሉ ገልብጬ ሳነብ ነበር። አንድም ቀን አልተቆጣኝም።

ከዚያ አምባሰልን በቁጥር ጻፈልኝ። ወፍራሙ ክር ላይ 0 እና 1፣ ቀጥሎ ባለው ክር ላይ 0፣ 2 እና 3። በቃ፣ አምስት ድምፅ። ቀስ እያልኩ ስመታው ሰውነቴን ወረረኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በክራር የምሰማው የወሎ ቅኝት ከራሴ ጣት ወጣ! በሳምንቱ ባቲን ጨመረልኝ፦ ከቀጭኑ ክር ስንቆጥር አምስተኛው ክር 0 እና 3፣ አራተኛው 0 እና 2፣ ሦስተኛው 0። እስቲ ጊታር ያላችሁ ሞክሩት።

ታቡ ሲገባኝ ወደ ኖታ አሻገረኝ። ታብ ጣት የት እንደሚያርፍ ያሳያል፤ ድምፁ ስንት ምት እንደሚቆይ ግን ብዙ ጊዜ አይናገርም። ባለ አምስት መስመሩ ኖታ ይናገራል። በእግራችን ወለሉን እየመታን፣ ጊታሩን ሳንነካ ጮክ ብለን እንቆጥር ነበር።

ያስለቀሰኝ የኤፍ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች ጥምረት) ነው። ጠቋሚ ጣት ስድስቱንም ክር አንድ ላይ መጫን አለበት። እኔ በጉልበት ስጨምቀው ክሩ ይታፈናል። "አብሽሪ፣ ጉልበት አይደለም" አለኝ። ጣቴን ወደ ጎኑ ትንሽ አዘነበለልኝ፣ ወደ ፍሬቱ ብረት አስጠጋልኝ። ክሮቹ አንድ በአንድ ጠሩ።

ባለፈው እሁድ ሰምቼው የማላውቀውን አንድ ገጽ ከኖታ አንብቤ እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ። ማንም አላሳየኝም።

በሁለት ሳምንት ዘፈን ይዤ ልውጣ ለሚል ሰው አይሆንም፤ ጋሼ አይቸኩልም። መማር ለሚፈልግ ግን ከልቤ እጠቁማለሁ። የሚያስተምረው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጊታር ባይኖራችሁ እሱ ጋ ባለው ትጀምራላችሁ። ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልጽፍም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄው አገናኛችኋለሁ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ።